ውሻን ጥሎ መሸሽ ይገባልን?

ከባድ አውሎ ነፋስ ሲቃረብና ባለሥልጣናት «ቤታችሁን ልቀቁ» ሲሉ ውሻዎን ምን ያደርጉታል? ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስን ከተማ ሲመታ፣ ብዙ መጠለያዎች እንስሳትን አያስገቡም ነበር። በዚህም ምክንያት እንስሶቻቸውን ጥለው ላለመሄድ ሲሉ ከቤታቸው የቀሩ ጥቂት አልነበሩም። ስለዚህ ጉዳዩ ለእንስሳት ከማዘን አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ2006 የወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥቱን እርዳታ የሚሹ ግዛቶችና ከተሞች በአደጋ ጊዜ ዕቅዳቸው የቤት እንስሳትንም እንዲያስቡ ያዛል። ይሁን እንጂ ዛሬም ሁሉም መጠለያ እንስሳ አይቀበልም። የሚቀበለውን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ፣ ማሰሪያውን፣ የክትባት ወረቀቱንና ምግቡን ማዘጋጀት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ውሳኔው ውኃው ደጃፍ ሲደርስ ሳይሆን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይወሰን።