ለክረምት ጉዞ የጎማ ሰንሰለት አመራረጥ

ክረምት ለአገራችን የበረከት ወራት መሆኑ የታወቀ ነው። ምድሩ ይለመልማል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ገበሬውም የዓመት ቀለቡን በዚሁ ወራት ይዘራል። ነገር ግን ይኸው የበረከት ዝናብ ከአስፋልት ለወጣ መንገደኛ ብርቱ ፈተና ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የሚሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ሐምሌ ሲገባ እንደ ሊጥ ይቦካል፤ በጎማው ጥርስ መካከልም እየገባ ይጠቀጠቅና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ምንም ያህል ቢበረታ፣ ጎማው መሬቱን ካልጨበጠ ጉልበቱ ከንቱ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ጎማ ሰንሰለት አመራረጥ ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብነው ስለዚህ ነው።

ነገሩ በተለይ የሚመለከተው ተማሪዎችንና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። ሰንጋ ተራን ለምሳሌ እንውሰድ። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ገበያ ነው፤ ዛሬ ግን በበሬው ፈንታ የባንክና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል። ከዚህና ይህን ከመሰለው የመሥሪያ ቤት ሠፈር ተነሥቶ ለጥናት፣ ለቍጥጥር ወይም ለእርዳታ ሥራ ወደ ገጠር የሚላከው ወጣት ብዙ ነው። በአራቱም ጎማ የሚሠራ ትልቅ መኪና ሲሰጠውም «ይህማ የትም ይገባል» ብሎ ይተማመናል። እውነት ነው፤ የትም ይገባል። ችግሩ ከገባበት መውጣቱ ላይ ነው። አራት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና አራቱም ጎማዎች ልሙጥ ከሆኑ በአራቱም ይንሸራተታል እንጂ ከሌላው መኪና የተለየ ተአምር አይሠራም።

በመጀመሪያ የቃሉን ነገር እናብራራ። ፈረንጆች ስለ «ክረምት ጎማ» እና ስለ «ክረምት ሰንሰለት» ሲጽፉ ክረምት የሚሉት የብርዱንና የአመዳዩን ወራት፣ ማለት ለእኛ በጋ የሆነውን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሚለብስ ተራራ የለም። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን እንኳ አንዳንድ ቀን ነጭ ሆኖ ቢያድር ብዙ ሳይቈይ ይገለጣል። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣ የሰንሰለት ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ለሌላ አየር የተሠራውን ዕቃ ለራሱ አየር እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት። የእኛ ዋና ጠላት ጭቃ ነው። በረዶና ውርጭ የሚያሠጉት በጥቂት ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ነው።

እነዚህም ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በባሌ ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደንና ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ 4,000 ሜትር ወደሚያህል ከፍታ ይወጣል፤ በአጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ አምባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ በዝናቡ ወራት ደግሞ በረዶ ይወርዳል፤ ቁልቁል ወደ ደኑ ሲወረድም ጭቃው ይጠብቃል። በስሜን ተራሮች ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም በቧሂት ሥር የሚያልፈው መንገድ እንደዚሁ ነው። ጣርማ በር ግን ምንም እንኳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረው፣ ዋናው መንገድ አስፋልት ስለ ሆነ የሚያሻው ሰንሰለት አይደለም፤ ጉም ስለሚበዛበት ደኅና መብራት፣ ጤነኛ ፍሬንና ዝግታ ነው። ሰንሰለት መያዝ የሚገባው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ዋልካ አገር ወይም ወደ ደጋው ጥርጊያ የሚገባ ሰው ነው።

የሰንሰለቱ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ነዋሪ የነበረ ሐሪ ዊድ የተባለ ሰው በ1896 ዓ. ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1904) ለጎማ ሰንሰለት የፈጠራ መብት አገኘ። አሳቡም የመጣለት ነጂዎች በጭቃና በበረዶ ሲቸገሩ በጎማቸው ላይ ገመድና ሐረግ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። እንግዲህ ሰንሰለት ገና ሲጀመር ለበረዶ ብቻ የታሰበ አልነበረም። በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ. ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ በአገራችን ለመኪና የተሠራ መንገድ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። መንገድን የሚሠራና የሚጠብቅ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ. ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠርቷል፤ ሆኖም ከመንገዱ ዳር እስከ ገበሬው ደጅ ያለው የመጨረሻው እርምጃ ዛሬም በብዙ ስፍራ ጭቃ ነው። ሐኪሙም፣ የእርሻ ባለሞያውም፣ መምህሩም የሚፈለጉት ደግሞ እዚያው በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንግባ። የጥንቱ ሰንጋ ገዢ በሬውን በቀንዱ ግዝፈት ብቻ አይገዛም ነበር፤ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ እግሩን ያስረግጣል። ሰንሰለት ገዢም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

መጀመሪያ የሚታየው ልኩ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ መያዝ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 235/85 አር 16 የሚል ቢሆን፣ 235 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 85 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ በመቶ ሲታሰብ፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። በብዙ የሥራ መኪናዎች ላይ የሚገኘው 7.50 አር 16 የሚለው አሮጌው አጻጻፍ ስፋቱንም በኢንች የሚናገር ነው። ሰንሰለቱ ለዚሁ ቁጥር የተሠራ መሆን አለበት። «ትንሽ ቢሰፋ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው ይኖራል፤ የሰፋ ሰንሰለት ሲሽከረከር እየተወረወረ የፍሬኑን ቱቦ ይቈርጣል፤ የጠበበውም ጨርሶ አይገባም።

ሁለተኛው በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ያለው ክፍተት ነው። ለአነስተኛ መኪና የሚሠሩት ሰንሰለቶች በጎማው ውስጠኛ ጎን በኩል 9 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛሉ፤ ለከባዱ የተራራ መኪና የሚሠሩት ግን ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሮ ጎማው ከባሌስትራው፣ ከሞላውና ከፍሬኑ ቱቦ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ግድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ክፍተታቸው ጠባብ በመሆኑ ሠሪው ፋብሪካ ሰንሰለት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ ይህም በመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ በመኪናው ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ የሚኖረው ለጌጥ አይደለምና ሊነበብ ይገባል።

ሦስተኛው የአሠራሩ ዓይነት ነው። አንዱ ዓይነት እንደ መሰላል በጎማው ላይ አግድም አግድም የተዘረጋ ነው። ይህ ጥንካሬ አለው፤ ጭቃውንም በመካከሉ ስለሚያሳልፍ ለዋልካ ይስማማል፤ ቢበጠስም በጋራዥ ለመጠገን ይቀላል። ጉድለቱ በጎን በሚያዘነብል መንገድ ላይ ወደ ዳር መንሸራተትን እምብዛም አለመከልከሉ ነው። ሁለተኛው ዓይነት እንደ መረብ የተጠላለፈ ነው፤ ጎማውን ሳያቋርጥ ስለሚሸፍን አነዳዱ ይለሰልሳል፤ በጎን መንሸራተትንም ይይዛል፤ ለበረዶና ለውርጭ ይመረጣል። ሦስተኛው በቀጭን የሽቦ ገመድ የተሠራው ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ለከባድ መኪናና ለጥልቅ ጭቃ የሚሆን አይደለም። የሰንሰለቱ ቀለበት ድቡልቡል ከሚሆን ይልቅ ጠርዝ ያለው ቢሆን መሬቱን ይነክሳል፤ ብረቱም በእሳት የጠነከረ መሆኑን መጠየቅ ያሻል።

አራተኛው ቁጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። አንድ ጥንድ ሰንሰለት በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ቢደረግ፣ መኪናው ዳገቱን ይወጣል፤ ቁልቁለት ሲመጣ ግን የፊቱ ጎማ ስለሚንሸራተት መሪው አይታዘዝም። በፊት ጎማዎች ላይ ብቻ ቢደረግ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ የኋላው ተሽከርክሮ ወደ ገደል ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ተራራ ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና ሁለት ጥንድ መያዝ ይሻላል። አቅም ከአንድ ጥንድ ካላለፈ፣ የት እንደሚደረግ የመኪናውን መምሪያ ተከትሎ፣ ከባድ ቁልቁለትን መተው ነው።

ጥሩ ሰንሰለት ገዝቶ አጠቃቀሙን አለማወቅም እንዳለመግዛት ይቈጠራል። ሰንሰለት የሚታሰረው መኪናው ከመያዙ በፊት፣ ደልዳላ ስፍራ ላይ ቆሞ ነው። እስከ ቸርኬው ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ በኋላ በዝናብ ላይ ተንበርክኮ ለማሰር መታገል ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ነው። ከታሰረ በኋላ ጥቂት ተጉዞ መቆምና እንደ ገና ማጥበቅ ይገባል። በበረዶ ላይ እንኳ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ በጭቃ ላይ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ይሁን። አስፋልት ሲደረስም ወዲያው መፈታት አለበት፤ ያለዚያ ጎማውንም፣ ሰንሰለቱንም፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራውንም መንገድ ያበላሻል። ሲመለሱ በውሃ አጥቦ፣ አድርቆና ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ከሰንሰለቱ ጋር አካፋ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ሳንቃ፣ የመጎተቻ ካቦና ጓንቲ አብረው ቢጫኑ ስንቁ የተሟላ ይሆናል።

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ተማሪዎችም ይህን ነገር እንደ ቀላል እንዳያዩት እንመክራለን። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ የሚወጣው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና የራሱ ሕግ አለው። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በተወሰነው የተራራ ክፍል የሚነዳ መኪና ለወቅቱ የሚስማማ ጎማ ያደረገ ወይም ሰንሰለት የያዘ መሆን አለበት፤ የጎማውም ጥርስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት እንዲኖረው ታዟል። ሕጉን የተላለፈ መቀጫ ይከፍላል። በዚያ አገር ጥንቃቄው በሕግ የታዘዘው የአንዱ ሰው ቸልተኝነት መንገዱን ዘግቶ ሺውን መንገደኛ ስለሚያግት ነው። በእኛ አገር ይህን የመሰለ ሕግ ባይኖር ኅሊና ሊያዝዘን ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየመሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግዢ ሲደረግ «ሰንሰለት፣ አንድ ጥንድ» ተብሎ ብቻ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። የጎማው ቁጥር አይጻፍም፤ መኪናው የሚሄድበት አገር አይጠየቅም፤ ሾፌሩም አይማከርም። ግዢውን የሚወስነው የዋጋው ማነስ ብቻ ይሆናል። ዕቃው ሲመጣ አልገባ ይላል፤ በግምጃ ቤት ተቀምጦ ይዝጋል፤ በመዝገብ ላይ ግን «ሰንሰለት አለ» ተብሎ ይኖራል። መኪናው ሐምሌ ላይ በጭቃ ሲያዝ በመዝገብ ያለው ሰንሰለት አያወጣውም። የሚያወጣው ከማሳው በጩኸት ተጠርቶ የሚመጣው ገበሬ ነው። እርሱም እርሻውን ትቶ፣ በሬዎቹን ፈትቶ፣ በጫንቃው ይገፋል፤ ብዙ ጊዜም ከምስጋና በቀር የሚያገኘው የለም። ገበሬውን ለማገልገል የተላከ ሠራተኛ በጥንቃቄ ማነስ የገበሬውን የሥራ ቀን ቢያባክን አገልግሎቱ ወዴት አለ? በመኪናው ላይ መድኃኒት ወይም ምርጥ ዘር ተጭኖ እንደ ሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከአንድ ቀን ይበልጣል፤ የዘሩ ወቅት ያልፋል፤ በሽተኛውም አይጠብቅም።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከሰኔ በፊት የመኪናው ሾፌር፣ የሚጓዘው ባለሞያና ግዢ ክፍሉ አንድ ላይ ቢቀመጡ፣ የጎማው ቁጥርና የጉዞው አገር በጽሑፍ ቢያዝ፣ ዕቃው ሲመጣም ሒሳቡ ከመከፈሉ አስቀድሞ በግቢው ውስጥ በጎማው ላይ ታስሮ ቢፈተን፣ ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ለራሱ የሚገዛም ሰው ቢሆን ቁጥሩን በወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ቢቻል መኪናውን ይዞ ሄዶ ይለካ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ የተገዛ ሰንሰለት ሁለተኛ ይገዛል። ለሾፌሩም ከጉዞው በፊት የማሰር ልምምድ ጊዜ ይሰጠው፤ አብሮት የሚሄደው ወጣትም እጁን አጣጥፎ ከመቆም አብሮ ይማር። ዲግሪ መያዝ ክሪክ ከማንሣት አያሰናክልም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰንሰለት ጎማውን ያግዛል እንጂ የሞላ ወንዝ አያሻግርም፤ የተናደ ገደልም አይጠግንም። አዋቂ ነጂ የሚባለው ሁልጊዜ የሚያልፈው ብቻ ሳይሆን መመለስ የሚገባበትን ስፍራ የሚያውቀውም ጭምር ነው። ስለዚህ አለቆች፣ በዝናብ ምክንያት ከመንገድ የተመለሰውን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ እንዳይቈጥሩት እናሳስባለን፤ ወጣቶችም እንደ ፈሪ እንዳይባሉ ሲሉ ብቻ ወደ ሞላ ወንዝ እንዳይገቡ። የተላኩበት ሥራ በማግሥቱ ውሃው ሲጎድል ሊፈጸም ይችላል፤ የሾፌሩንና የባልደረቦቹን ሕይወት ግን በማግሥቱ መመለስ አይቻልም።