ማጣሪያውን ዲለር ይቀይረው ወይስ እኛ?

መኪናውን ዘይት ለማስቀየር ዲለር ጋ የወሰደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ቡና ይዛችሁ ተቀምጣችኋል። አንድ ጨዋ ሠራተኛ የጠቆረ፣ ብዙ ቦታ የታጠፈ ወረቀት የሚመስል ነገር ይዞ ይመጣና «የመኪናዎ የአየር ማጣሪያ ይኸውልዎ፤ በጣም ቆሽሿል። እንቀይርልዎ?» ይላል። አብዛኛው ሰው «እሺ» ይላል። ከወላጆቻችሁ ጋር ለማስተርጎም የሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ እናንተ ይዞራል። አባታችሁ እናንተን ያያሉ፤ ሠራተኛውም እናንተን ያያል። ዛሬ የምጽፈው ለዚያች ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከ100 ዶላር በላይ ከኪስ ሊወጣ ይችላልና።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ማጣሪያ» የመጣው «ማጣራት» ከሚለው ግስ ነው። በአማርኛ ውኃም ይጣራል፣ ወሬም ይጣራል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ግን መካኒኮቹ ብዙ ጊዜ «ፊልትሮ» ነው የሚሉት። ከጣሊያንኛ የገባ ቃል ነው፤ እንደ «ጎማ»፣ እንደ «ካንዴላ»፣ እንደ «ካቻቢቴ»። አባታችሁ «ፊልትሮው ተቀየረ?» ብለው ከጠየቁ ስለ ሌላ ዕቃ አይደለም የሚያወሩት።

መኪና ላይ በየጊዜው የሚቀየሩ ሦስት ዋና ማጣሪያዎች አሉ፦ የሞተሩ አየር ማጣሪያ፣ እኛ የምንተነፍሰውን አየር የሚያጣራው የካቢን ማጣሪያ፣ እና የዘይት ማጣሪያ። ሰዎች «ራሴ ልሥራው ወይስ ዲለር ልውሰደው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሦስቱን ጠቅልለው ነው የሚጠይቁት። በእኔ አስተያየት መልሱ ለሦስቱም አንድ አይደለም። ሁለቱን ራሳችሁ ቀይሩ። ለሦስተኛው ግን ክፈሉ።

ከሞተሩ እንጀምር። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል። ያ ሁሉ አየር ከመንገድ ላይ የሚገባ ስለሆነ አቧራ፣ አሸዋና ነፍሳት ይዞ ይመጣል። አሸዋ ሞተር ውስጥ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቀዋል። ማጣሪያው ያንን ያስቀራል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሻጮች የሚሉት ነገር አለ፦ «ማጣሪያው ከቆሸሸ ቤንዚን ይበላብዎታል።» ካርቡሬተር ለነበራቸው አሮጌ መኪኖች ይህ እውነትነት ነበረው። ለዛሬዎቹ ግን አይሠራም። በአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ያለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ነገሩን በሙከራ አይቶታል። በኮምፒውተር የሚመሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ ማጣሪያው ሲደፈን የነዳጅ ፍጆታው እምብዛም አልተለወጠም። የቀነሰው መኪናው ፍጥነት ለመጨመር ያለው ጉልበት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁንም በዚያው ልክ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ይህን ማጣሪያ የምትቀይሩት ለሞተሩ ዕድሜና ጉልበት ነው። መቀየሩ ተገቢ ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር ግን የለም። ዛሬ ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢቀየር መኪናው ምንም አይሆንም።

መቼ እንደሚቀየር ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ይናገራል። ለምሳሌ ቶዮታ ለአሜሪካ ባወጣው መርሐ ግብር የሞተር አየር ማጣሪያ በተለመደ መንገድ የሚቀየረው በየ30,000 ማይሉ ነው። አቧራ በበዛበት ቦታ ቶሎ መታየት አለበት፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ዲለር በየዘይት ቅያሪው ቢያነሳባችሁ መጽሐፉን ከፍታችሁ ማየት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የሞተሩን ክዳን ክፈቱ። ወፍራም ቱቦ የተያያዘበት ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ታያላችሁ። በብዙ መኪኖች ሳጥኑ በእጅ በሚፈቱ የብረት ማያያዣዎች የተዘጋ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ብሎን ስላላቸው ካቻቢቴ ያስፈልጋል። አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሳጥኑን ታች በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዝጉ። እዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ መዝጋቱ ላይ ነው፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን በኩል ሳይጣራ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት የወረቀት ፊልትሮን በኮምፕሬሰር አየር ነፍቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ነው። ዕቃ ውድ በሆነበት ቦታ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ኃይለኛው አየር ወረቀቱን ሊቀደው ይችላል፤ ትንሿ ቀዳዳ ደግሞ በዓይን አትታይም። አባታችሁ «ኧረ አራግፈህ መልሰው!» ካሉ፣ አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዶላር እንደሚገዛ በአክብሮት ንገሯቸው።

የካቢን ማጣሪያው ከዚህም ይቀላል፤ ለእኔም ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከመኪናው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚወጣው አየር በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ቤት ውስጥ አስም ወይም የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ልዩነቱን ቶሎ ያውቀዋል። ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ግን ደካማ ከሆነ፣ የሻገተ ሽታ ካለ፣ ወይም በክረምት የመስታወቱ ጉም ቶሎ አልጠፋ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ማጣሪያ ነው።

ቶዮታ ኮሮላ፣ ካምሪና ራቭ ፎርን በመሳሰሉ ብዙ መኪኖች ማጣሪያው ያለው ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ለፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው። መሳቢያውን ባዶ አድርጉት። በጎኑ ያለችውን ቀጭን ዘንግ አላቅቁ። ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ስትጫኑ መሳቢያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከኋላው ጠባብ ክዳን አለ። ክዳኑን ስትከፍቱ ማጣሪያውን እንደ መጽሐፍ ትስቡታላችሁ። በአዲሱ ላይ ቀስት ተስሏል፤ የአሮጌውን ቀስት አይታችሁ በዚያው አቅጣጫ አስገቡት። ጥቁር የሚመስለው ዓይነት የከሰል ሽፋን ያለው ነው፤ ሽታም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ትንሽ ከፍ ይላል። በአንዳንድ መኪኖች ቦታው አስቸጋሪ ነው፤ በፔዳሎቹ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ሽፋን መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን ስምና ዓመተ ምርት ጽፋችሁ አንድ ቪዲዮ እዩ። ካልወደዳችሁት ተዉት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና መክፈል ያዋጣል።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ጋሼ የምላቸው አንድ ዘመዴ ዲለር ጋ አብሬያቸው እንድሄድ ጠሩኝ። ጋሼ በመኪናቸው ሰው እያመላለሱ የሚሠሩ ናቸው፤ በቀን አሥር ሰዓት መሪ ላይ ናቸው። የሄዱት በቅናሽ ኩፖን ዘይት ለማስቀየር ነበር። ሠራተኛው ሁለት ማጣሪያዎች ይዞ መጣ፤ ለሁለቱ የጠየቀው 170 ዶላር ገደማ ነበር። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እውነቱን ነው?» አሉኝ።

«መቆሸሹ እውነት ነው ጋሼ። ዋጋው ነው የበዛው።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ለዛሬ ዘይቱ ብቻ ይበቃል ይበሉት።»

እኔ አልተረጎምኩም፤ ራሳቸው ነገሩት። ሠራተኛው ፈገግ ብሎ «ችግር የለም» አለና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ዕቃ ከመለዋወጫ ሱቅ በ41 ዶላር ገዛንና እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ቀየርናቸው። የካቢኑን ያወጡት ጋሼ ናቸው። ቅጠልና ግራጫ አቧራ ጫማቸው ላይ ሲራገፍ ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «ይህን ሁሉ ጊዜ የምተነፍሰው በዚህ በኩል ነው?» አሉ። ለአንድ ማጣሪያ የሚከፈለው የተጋነነ ዋጋ ለእሳቸው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «በኋላ አስቀይራለሁ» እያሉ ሲያቆዩት ደግሞ የሚጎዳው ሳንባቸው ነው። ሠራተኛውን አልወቅሰውም። ማጣሪያዎቹ በእርግጥ ቆሽሸው ነበር፤ በብዙ ቦታ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከሚሸጡት ድርሻ ያገኛሉ።

ወላጆች ዲለርን የሚመርጡበት ዋናው ምክንያት ፍርሃት ነው፦ «ሌላ ሰው ከነካው ዋራንቲው ይበላሻል።» በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ እንደዚያ አይልም። አምራቹ በነፃ እስካልሰጠ ድረስ፣ ዋስትናው እንዲጸና በእሱ ጋራዥ ወይም በእሱ ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ራሳችሁ የሠራችሁት ሥራ ጉዳት ካደረሰ ግን ያ ጉዳት የእናንተ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከዲለር ውጭ በሌላ ጋራዥ ማሠራት ብቻውን ዋስትናን አያፈርስም። በባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ውላችሁን አንብቡ።

ሕጉ የሚሠራው ግን ማስረጃ ሲኖር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ላይ ወረቀቱን ሁኑ። የገዛችሁበትን ደረሰኝና የማይል ቆጣሪውን ፎቶ በዚያው ቀን አንሱና በአንድ ቦታ አስቀምጡ። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ በእኛ ሙያ ያልተመዘገበ ለውጥ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። መኪናው ሲሸጥም ገዢው የሚያምነው ያንን ፋይል ነው።

የዘይት ማጣሪያው ሌላ ታሪክ ነው። እሱን ለመቀየር ዘይቱ መፍሰስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል። ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ነው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ የሚያውቅ ሰው ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ሳያስገባ ሥሩ አይተኛም። አሮጌው ማጣሪያ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከተገጠመ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያም የፈሰሰው አሮጌ ዘይት አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው ከአንድ ቅያሪ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል፤ ስለዚህ ታሽጎ ወደሚቀበል ቦታ መወሰድ አለበት። ብዙዎቹ የአውቶዞንና የኦራይሊ ሱቆች በነፃ ይቀበላሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ብዙ የአፓርታማ ኪራይ ውሎች ግቢ ውስጥ መኪና መሥራትን ይከለክላሉ። ዲለር ደግሞ ዘይት ቅያሪን ብዙ ጊዜ በርካሽ ያቀርባል፤ ትርፉን የሚጠብቀው ከሌላው ሥራ ነውና። ርካሹን ግዙ፣ ሌላውን በትሕትና እምቢ በሉ።

ዲለር ጋ መሄድ የሚገባበት ጊዜም አለ። አዲስ መኪና ከነፃ ሰርቪስ ጋር ከመጣ፣ ለምሳሌ ቶዮታ በአሜሪካ ለሁለት ዓመት ወይም ለ25,000 ማይል እንደሚሰጠው፣ ተጠቀሙበት፤ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል። አምራቹ በጉድለት ምክንያት መኪናውን ለጥገና ከጠራውም ጥገናው በነፃ ነው፤ ባለ17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የመኪናውን መለያ በመንግሥት የመንገድ ደኅንነት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፍሬንና መሪን የመሰለ ነገርም ለባለሙያ ነው። እነሱን በቪዲዮ አትማሩ።

ሃይብሪድ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ጋሼን የመሰሉ ሾፌሮች ያሉባችሁ ቤተሰቦች፣ የኋላውን ወንበር አካባቢም እዩ። በብዙ የቶዮታ ሃይብሪዶች ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከዚያ ነው፤ በብዙ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ትንሽ ማጣሪያ አለው። አቧራና የውሻ ፀጉር ሲደፍነው ባትሪው ይሞቃል፤ እሱን መቀየር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ዘይት ሲቀየር ይህን የሚያነሳላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። በትንሽ ቫኪዩም መግቢያውን አጽዱት፤ ተሳፋሪዎችም ቦርሳና ጃኬት እላዩ ላይ እንዳያስቀምጡ ንገሯቸው።