የቀለም መርጫው ከመገዛቱ በፊት

የእጅ ሥራ ክበባችን የቀለም መርጫ ሊገዛ ነው። ገንዘቡ ከየኪሳችን የተዋጣ ስለሆነ ዛሬ ዝም ብለን ኋላ ብናማርር አያምርብንም። በስብሰባው ላይ የተነሣው ጥያቄ «የትኛው ይረክሳል?» የሚል ብቻ ነበር።

ባለፈው መንፈቅ የቀለም መያዣው ከሥር የተንጠለጠለ መርጫ ተውሰን የወርክሾፑን በሮችና ቁም ሣጥኖች ቀባን። ቀለሙ ከበሩ ይልቅ መስኮቱንና ጫማችንን ቀባ። እንዲህ ያለው መርጫ ቀለሙን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው በአየር ጉልበት ስለሆነ ብርቱ ግፊት ይፈልጋል፤ ግፊት ሲበዛ ደግሞ ቀለሙ ከዕቃው ላይ ነጥሮ እንደ ጉም ይበተናል። ከታች የቀረውንም አልስብ ብሎ ደፋነው።

መያዣው ከላይ በሆነው ግን ቀለሙ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በአነስተኛ ግፊት ይሠራል። ለእኛ የሚበጀው ይኸኛው ነው። አፉ 1.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለማጠናቀቂያው ቀለም ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ደግሞ «ብዙ አየር፣ ዝቅተኛ ግፊት» የሚባለውን ዘመናዊውን እንግዛ ይላሉ። አፉ ላይ ያለው ግፊት ከ10 ፒ.ኤስ.አይ. ስለማይበልጥ ቀለም ይቆጥባል፤ አልካድንም። ግን እኮ ስሙ ራሱ «ብዙ አየር» ይላል! የእኛ ኮምፕሬሰር ጎማ ስትነፋ እንኳ ታቃስታለች። አንድ በር ሳይጋመስ አየሯ አልቆ ቆመን ልንጠብቃት ነው። ስለዚህ ገዢዎቹ ከመሄዳቸው በፊት በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደምትሰጥ ከላይዋ ላይ ገልብጠው ይያዙ፤ መርጫውም በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚበላ ሻጩን ይጠይቁ። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለዴስኮቹ ቀጫጭን የብረት እግሮች፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የትኛውም መርጫ አይሆንም፤ አብዛኛው ቀለም በመካከላቸው አልፎ ይሄዳል። ብሩሽ ይዞ ቁጭ ማለት ነው።

የመርጫው ታሪክ ያስገርማል። አለን ዴቪልቢስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ጉሮሮ ላይ መድኃኒት ለመርጨት የሠሩት መሣሪያ ነበር፤ ልጃቸው ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1907 ለቀለም እንዲሆን አድርጎ ሠራው። እኛ ግን ባለፈው ጊዜ አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን ሁለት ቀን ሰማያዊ አክታ ስንተፋ ሰነበትን። ከተዋጣው ላይ ለሁለት ረጪዎች ማጣሪያ ያለው ጭምብል ይገዛ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ መርጫው ለሚቀጥለው ወር ይቆይ።