14 ቀን ስንት ጊዜ?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 59፣ ለፖሊስ ምርመራ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይናገርም። ሐዋሳ ላይ የተያዘ ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረትበት ለወራት ሊታሰር የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው። የመርማሪ ማመልከቻ የተለመደ ነው፦ ቀሪ ምስክር አለ፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣም፣ ግብረ አበር አልተያዘም። ሕገ መንግሥቱ ግን ክፍተቱን ዘግቶታል ባይ ነኝ። አንቀጽ 19(4) ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቅደው ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ መርማሪዎቹ የተያዘውን ሰው የተፋጠነ ፍርድ የማግኘት መብት አክብረው መሥራታቸውን የማረጋገጥ ግዴታም የፍርድ ቤቱ ነው። አንቀጽ 13 ደግሞ ግዴታውን በየደረጃው ባሉ የፌዴራልና የክልል የዳኝነት አካላት ላይ ይጥላል። «ክልል ነንና አይመለከተንም» ማለት አይቻልም።

ተጠርጣሪው ቢለቀቅ ይሰወራል፣ ምስክር ያባብላል የሚለው ስጋት ተራ አይደለም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67ም ለዋስትና መከልከል ምክንያት ያደርገዋል። ሆኖም ስጋት በፍሬ ነገር ይደገፋል እንጂ በክሱ ስም ክብደት አይገመትም። የምርመራ አቅም ማነስም ቢሆን የመንግሥት ጉድለት ነው፤ ዕዳውን እስረኛው ለምን ይከፍላል? ዋስትና ተከልክሎ በይግባኝ የመጣ መዝገብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ባለፉት 14 ቀናት የስንት ምስክር ቃል ተቀበላችሁ? መልሱ በብይኑ ላይ ይስፈር፤ አንድም ካልሆነ፣ ያም ይጻፍ።