ያለ አፈሩ የተቆጠረ ዕድሜ

ከማሊ ምድር በዘረፋ የወጣ የሸክላ ምስል ለገበያ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የቤተ ሙከራ ምስክር ወረቀት ይከተለዋል። ገዢው ወረቀቱን እንደ ልደት ሰርተፊኬት ያየዋል። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው።

ቴርሞሉሚነሰንስ የተባለው መለኪያ ራሱ ነቀፋ የለበትም። በሸክላው ውስጥ ያሉ የኳርትዝና የፌልድስፓር ቅንጣቶች የጨረር ጉልበት ያጠራቅማሉ። ሸክላው በእሳት ሲተኮስ የቀድሞው ክምችት ይሰረዝና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ቤተ ሙከራው ክምችቱን ለክቶ በየዓመቱ ለሚደርሰው ጨረር ያካፍላል። ችግሩ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። ጋማ ጨረር የሚመጣው በዙሪያው 30 ሴንቲሜትር ገደማ ካለ አፈር ነው፤ መጠኑንም የዚያ አፈር ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ይወስኑታል። ውሃ ደግሞ ጨረር ይውጣል፤ የእርጥበቱ ግምት በአንድ በመቶ ሲሳሳት ዕድሜውም በአንድ በመቶ ገደማ ይሳሳታል።

አሁን በማሊ ያለችውን ጄኔ-ጄኖን እናስብ። ጥንታዊቷ ከተማ ያለችው የኒጀር ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ነው፤ ውሃው ይመጣል፣ ይሸሻል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል። ምስሉ የተቀበረው ጉብታው አናት ላይ ነበር ወይስ ግርጌው? ስንት ወር ርሶ ቆየ? አርኪዮሎጂስቶቹ ሱዛንና ሮደሪክ ማክኢንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1981 እንዳደረጉት ንብርብሩን እየመዘገበ የቆፈረ ሰው ለዚህ መልስ መፈለጊያ አለው። ዘራፊው ግን አፈሩን በትኖ ሄዷል። ስለዚህ ቤተ ሙከራው አፈሩንም እርጥበቱንም ይገምታል።

«ጥንታዊ ነው ወይስ የትናንት ሥራ?» ለሚል ጥያቄ ግምቱ ይበቃል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው። ነጋዴው የሚፈልገው ያንኑ ብቻ ነው፤ ታሪክ የሚፈልገው ግን ጠፍቷል። አስመሳዮችም ከአሮጌ ገል የገጣጠሙት ምስል ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል።

ማሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ቅርሷን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ አሜሪካም በ1993 እነዚህ ቅርሶች እንዳይገቡባት ከለከለች። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም ብርቱ ተቃውሞ ከገጠመው በኋላ የምዕራብ አፍሪካን የሸክላ ምስሎች ለነጋዴ መመርመር አቁሟል። ሌሎቹስ ምን ይጠብቃሉ? የወጣበት ቦታ ያልተመዘገበ፣ የአፈር ናሙና ያልተያዘለት ሸክላ ሲመጣላቸው ሳይነኩት ይመልሱት። ቆፋሪዎችም ገሉን ከማጠባቸው በፊት ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር እርጥበቱ ሳይተን በላስቲክ ያሽጉ።