የሰማዩ ድንጋይና የጸሐፊው ዕዳ

በ2017 ዓ.ም. የካቲት አንድ የሰማይ ድንጋይ የኢትዮጵያን ስም አስጠራ። «2024 ዋይ አር 4» የተባለው አስትሮይድ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ውስጥ በተተከለ ቴሌስኮፕ የታየ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2025 ዓ.ም. ምድርን የመምታት ዕድል እንዳለው ተነገረ። ሊወድቅበት ይችላል የተባለው መስመር ከፓስፊክ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ደቡብ እስያ ይደርስ ነበር። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ከዘረዘሯቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ናሳ የካቲት 11 ቀን ዕድሉ 3 ነጥብ 1 በመቶ ደርሷል አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ወደ ዜሮ ተጠጋ።

እንዲህ ያለ ዜና ጎንደር ፒያሳ ቡና በሚጠጣ ወጣት ወይም ደባርቅ ገበያ በቆመ ነጋዴ ስልክ ላይ እንዴት ይደርሳል? «ሊመታ ይችላል» እና «ሊመታ ነው» የሚለያዩት በአንድ ቃል ነው። እውነትና ሐሰትን የምትለየውም ያቺው ቃል ናት።

ቁጥሩ ወጥቶ የወረደው ሳይንቲስቶች ስለዋሹ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ በሬ ጠፋ እንበል። ያለው ከአሥር ሸለቆዎች በአንዱ ነው። ስድስቱ ታይተው ባዶ ቢሆኑ፣ ያልታየው እያንዳንዱ ሸለቆ ዕድሉ ከአሥር አንድ ወደ ከአራት አንድ ያድጋል። በሬው ከቀሩት በአንዱ ሲገኝ የሌሎቹ ዕድል ባንዴ ዜሮ ይሆናል። የጠበበው ፍለጋው እንጂ በሬው የትም አልሄደም። የአስትሮይዱም ነገር ይኸው ነው።

አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ እያሰላ በባሕረ ሐሳብ በዓላቱን ሲያወጣ ለኖረ አገር ይህ አይከብድም። የከበደው አስረድቶ የሚጽፍ ማግኘት ነው።

ስለ ሳይንስ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፦

1. የቁጥሩን ሌላ ወገን ይጻፍ። 3 ነጥብ 1 በመቶ ይመታል ማለት 96 ነጥብ 9 በመቶ ይስታል ማለት ነው።

2. ማን እንዳለውና መቼ እንዳለው ይግለጽ። «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ምንጭ አይደለም።

3. ቁጥሩ ሲቀየር ተመልሶ ይጻፍ። ያስደነገጠ ሰው የማረጋጋት ዕዳ አለበት።

«እንዲህ ከተጻፈ ማን ያነበዋል?» የሚል አይጠፋም። በ1908 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ፣ ቱንጉስካ ላይ አየር ላይ የፈነዳ የሰማይ አካል 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደን አንጥፏል። እውነቱ ራሱ ይህን ያህል ካስደነቀ ማጋነን ምን ያደርጋል?

ጦርነትና ድርቅ ያደከመው የሰሜን ጎንደር ደገኛ ተጨማሪ ፍርሃት አያስፈልገውም። ዛሬ በከንቱ የተደናገጠ ሰው ነገ የመሬት መንሸራተት ወይም የኮሌራ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው «ያው እንደ ድንጋዩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያኔ የሚጠፋው ነፍስ ነው።