ሲሳይና ሚዛን በላስታ ደጋ



ለዛሬው ዓምዳችን ወደ ላስታ ደጋ እንውጣ። ከላሊበላ ከተማ ከፍ ብሎ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ላዩ ጓሳና ጅብራ ነው። ጭር ያለ ቢመስልም አላህ (ሱ.ወ.) ለእያንዳንዱ ፍጡር ሲሳዩን መድቦበታል።

ጭላዳው ሣር ይግጣል። አይጡና ፍልፈሉም በሣሩና በሥራሥሩ ይኖራሉ። እነዚህን ደግሞ ቀይ ቀበሮ ያድናቸዋል። ከብት ሲሞት ጥንብ አንሳዎች ሥጋውን ይጨርሱታል። የተረፈውን አጥንት አጥንት ሰባሪው አሞራ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ከአለት ላይ ጥሎ፣ ሰባብሮ ይመገበዋል።

በመንዝ ጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ አስገራሚ ጉርብትና አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን ግን 25 ጊዜ ብቻ ነው። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ሱብሃነላህ!

ታዲያ ይህን ሚዛን የሚያናጋው ማነው? ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም 500 ያህል ነው። አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ይወስዳል ተብሎ ይሳደዳል። ዋና ምግቡ ግን አይጥ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ደስ የሚለው የገብሳችን ጠላት ነው። ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ከውሾቻችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀበሮዎች ተዛምቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

ሸሪዓችን ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝን ፈቅዷል። የተፈቀደ ነገር ግን ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ ውሻችንን እናስከትብ፤ ያለ ጠባቂ ተራራ ለተራራ እንዲዞር አንልቀቀው። ይህ የሚጠቅመው ቀበሮውን ብቻ አይደለም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን የሚምር አይደለምና ልጆቻችንንም ይጠብቃል። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እረኛ ወጣቶቻችንም ቀበሮውን በድንጋይ ከማባረር ይልቅ ግልገሎቻቸውን ቀረብ ብለው ቢጠብቁ ይሻላል። ምድር አማና ናት፤ ነገ በአላህ ፊት ስለ አማናችን እንጠየቃለን።

ወላሁ አዕለም።